ካርዴን ማን በላው?

አብዛኞቻችን ከመናገራችን በፊት የምንከፍል ሰዎች ነን። ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመን «ካርድ አለ?» እንላለን፤ ባለሱቁ «የስንት?» ይለናል። ገንዘቡን እናስረክባለን፣ ካርዱን እንፍቃለን፣ ቁጥሩን እናስገባለን። «ሄሎ» የምንለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ምግብ ቤት ገብተን ከበላን በኋላ ነው ሂሳብ የምንጠይቀው። ልብስ ሰፊው እንኳ ቀብድ ተቀብሎ የቀረውን ሥራውን ካሳየን በኋላ ይቀበላል። ስልክ ላይ ግን ሙሉውን ቀድመን ሰጥተን፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተቆረጠብን ሳናውቅ «አለቀ» የሚለውን ቃል እንሰማለን። እኔ ይህን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም። ቀድሞ የተሰጠ ገንዘብ አደራ ነው፤ አደራ የተቀበለ ደግሞ ባለቤቱ ሳይጠይቀው ማስረዳት አለበት።

ብዙ ሰው ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ወይም ሲም ካርዱ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ደሴ ያለችው አክስቴ ካርዷ ሌሊቱን እንዳያልቅባት ስልኳን አጥፍታ ነበር የምትተኛው። ገንዘቡ ግን ስልኩም ውስጥ የለ፣ ሲሙም ላይ የለ። የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ላይ በስልክ ቁጥራችን ትይዩ የተጻፈ አሃዝ ነው። ፍቀን የምናስገባው ቁጥር ካርዱ ገና ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ እዚያ ተመዝግቧል፤ ስናስገባው «ሥራ ላይ ያልዋለ» ከሚለው ወደ «ዋለ» ይዛወርና ብሩ በእኛ ቁጥር ላይ ይጻፋል። ስንደውል ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ የሚበቃ ሂሳብ ይይዝና ያናግረናል፤ ያ ሲያልቅ ሌላ ይይዛል፤ የሚይዘው ሲያጣ ቃላችንን አፋችን ላይ ይቆርጠዋል። እንግዲህ እያንዳንዷ ሳንቲም መቼና ለምን እንደተነሳች በደቂቃና በሰከንድ ተመዝግባለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ቆጥሮ የሚያስቀምጥ ማሽን «ገንዘቤ የት ገባ?» ላለ ሰው መልስ ሊያጣ አይችልም።

ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሲም ካርድ በምዝገባና በወረፋ የሚገኝ፣ ያገኘ ሰው ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ የሚሄደው ነገር ነበር። ቀድሞ የሚሞላው ካርድ ሲመጣ ነው ስልክ የሊስትሮውም፣ የጉልት ሻጯም፣ የገበሬውም የሆነው። ውል የለ፣ ዋስ የለ፣ የወር ደሞዝ ማስረጃ የለ፤ አምስት ብር ያለው ሰው ስልክ አለው። ይህን ውለታ አልክድም። ከዚያም ሕዝቡ በራሱ ብልሃት ብዙ ነገር ጨመረበት። ሚስኮል የሚባለውን ቋንቋ ማን አስተማረን? አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከሆነ «ውጣና በር ክፈት»፣ ደጋግሞ ከጠራ «አስቸኳይ ነው፣ ደውል»። በየቤቱ የየራሱ ስምምነት ነበረው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልዕክት ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ ዋዜማ ድረስ በቆየባቸው ጊዜያት እኛ ሰፈር መልዕክት ማለት ሚስኮል ነበር። በኋላ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ መላክ ሲቻል ደግሞ ሌላ ወግ መጣ። ተማሪ ልጅ ለእናቱ ለበዓል አሥር ብር ካርድ ይልካል፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ለሐዘንተኛው ካርድ ይሞላል። በዚህች በ*806 በምትጀምር ቁጥር ስንት ፍቅር እንዳለፈ እሱ አንድዬ ያውቃል።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ይህችው አክስቴ ታማለች ተብዬ ወደ ደሴ ስሄድ የገጠመኝም በዚችው ቁጥር በኩል የመጣ ነው። በሞባይል ብር መላክ ገና አልተለመደም ነበር። ከላምበረት በጠዋት ተነስተን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሹፌሩ መብራት አብርቶ ይነዳል። ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስንጀምር ስልኬ ጮኸ። ከማላውቀው ቁጥር መቶ ብር እንደተላከልኝ የሚገልጽ መልዕክት ነው። አንብቤ ሳልጨርስ ያው ቁጥር ደወለ።

«ልጄ፣ እባክህ አትዝጋብኝ» አለች አንዲት ትልቅ ሴት። «ያ ካርድ ለአንተ አልነበረም። ልጄ ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች። አስታማሚዋ እህቷ ካርድ አልቆባት ሐኪሙ ምን እንዳለ ልትነግረኝ አልቻለችም። የባለሱቁ ልጅ ነው የላከልኝ፣ መጨረሻውን ስድስት ብለው ሰባት አደረገው።»

ስልኬ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ ግማሽ አውቶቡስ ሰምቷል። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ ብድግ ብሎ «ወንድሜ፣ አታላይ ናት! እንዳትልክ!» አለኝ። ረዳቱም ደገፈው፤ እሱንም ባለፈው እንዲሁ ብለው ሃምሳ ብር በልተውታል። አልተሳሳቱም። ይህ ማታለል የታወቀ ነው። አታላዩ ከራሱ ስልክ ላይ ልክ ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት የመጣ አስመስሎ «ይህን ያህል ብር ተልኮልዎታል» የሚል መልዕክት ይጽፍልሃል፣ ከዚያ ደውሎ እያለቀሰ «መልስልኝ» ይልሃል፤ አንተም ያልደረሰህን ከራስህ ኪስ ትመልሳለህ። መለያው ሁለት ነው። መልዕክቱ ከተራ ስልክ ቁጥር መጥቶ እንደሆነ ማየት፣ ከዚያ በ*804# ቀሪ ሂሳብን ማረጋገጥ። እኔ ዘንድ መልዕክቱ የመጣው ከራሱ ከአገልግሎቱ ነው። ሂሳቤን ጠየቅሁ፤ የነበረችኝ ጥቂት ብር ላይ መቶ ተጨምሮበታል። ሴትዮዋ እውነቷን ነው።

«እናቴ፣ አይዞዎት፣ አሁኑኑ ለልጅዎ እልካለሁ» አልኳቸው። የአስታማሚዋ ቁጥር የእኔው ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ሰባት በስድስት መተካት ብቻ ነው። ይህን እየተናገርኩ ገደላማው ቦታ ውስጥ ገባንና ኔትወርኩ ጠፋ። ደብረ ሲና ላይ ልጆች ቆሎ ይዘው በመስኮት ሲንጠለጠሉ ብቅ አለ፣ መላክ ስጀምር ደግሞ ሄደ። በደንብ የያዘው ሸዋ ሮቢት ልንገባ ስንል ነው። ላክሁ። «ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም» አለኝ።

ደንግጬ ሂሳቤን ባየው ከመቶው ላይ ወደ ግማሹ ተጠግቶ ሄዷል። አልደወልኩበትም፣ ኢንተርኔትም አልከፈትኩበትም። ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። የሳምንት የኢንተርኔት ጥቅሌ መንገድ ላይ ቀኑ አልቋል። ጥቅሉ ሲያልቅ ኢንተርኔቱ አልቆመም፤ ዞሮ ከዋናው ሂሳብ መብላት ጀመረ። ስልኩ ደግሞ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር በራሱ ጊዜ ፎቶ ያወርዳል፣ ፕሮግራም ያድሳል። የታማሚ እናት ገንዘብ በማላየው ቪዲዮ አለቀ። «ጥቅልዎ አልቋል፤ ከዋናው ሂሳብ ልቁረጥ ወይስ ላቁም?» ብሎ አንድም የጠየቀኝ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የሌላ አገር ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ይህ «ሊሆን አይችልም» የሚባል ጥያቄ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ደንበኛው ካልፈቀደ በስተቀር ጥቅሉ ሲያልቅ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ ክልክል ነው። ጥቅሉ ግማሽ ሲደርስ፣ 80 በመቶ ሲደርስና ጨርሶ ሲያልቅ ለደንበኛው መንገር ግዴታ ነው። የተረፈውን ዳታ ማሻገርና ለሌላ ሰው መስጠትም ይቻላል። ጋናም በዚያው ዓመት ሰው ገዝቶ ያልተጠቀመበት ዳታና የድምፅ ሂሳብ ወደሚቀጥለው ግዢ እንዲሻገር የሚያዝ መመሪያ በሚኒስትሯ በኩል አውጥታለች። ሁለቱም የአፍሪካ አገሮች ናቸው፤ ማሽኑም ያው ማሽን ነው። ማሽኑ የታዘዘውን ይሠራል፤ ጥያቄው ማን ምን ብሎ አዘዘው የሚለው ነው።

ሸዋ ሮቢት አውቶቡሱ ለጥቂት ደቂቃ ቆመ። ዳታውን ዘግቼ በዚያ ሙቀት ከአንዱ ሱቅ ወደ አንዱ ሮጥኩ። «የመቶም የሃምሳም የለም፣ ባለ አምስት ብቻ ነው» አለኝ ባለሱቁ። ያለውን ባለ አምስት ጠርጌ ገዛሁ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ግቡ! ግቡ!» ይላል። አውቶቡሱ ላይ ሆነን መፋቅ ጀመርን። «ጀመርን» የምለው ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ አዛውንት በአንድ ብር ሳንቲም ይፍቃሉ፤ ከመስኮቱ በኩል ያለችው ተማሪ አሃዞቹን በአራት በአራቱ እየከፋፈለች ታነብልኛለች፤ እኔ አስገባለሁ። መንገዱ ሲያንገጫግጭ አንድ አሃዝ ይዘለላል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ግራጫው ብናኝ የአዛውንቱን ጋቢ ዳር ዳሩን አጠቆረው። አንደኛው ካርድ ላይ ሳንቲሙ ጠንክሮ ኖሮ ወረቀቱ ተላጠና ሁለት ቁጥር አብሮ ሄደ። እንዲህ ያለውን ካርድ ጀርባው ላይ ባለው መለያ ቁጥር አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ማስተካከል ይቻላል፤ መንገድ ላይ ግን ምን ይሠራል? ልክ አምስት ብር ጎደለን።

«ቁጥርህን ንገረኝ» አለ ከኋላዬ ያ ጎልማሳ፣ አታላይ ናት ብሎ የጮኸው። አምስት ብር ላከልኝ። መቶ ሞላ፤ ላክሁት። ከሚሴን ሳናልፍ በስድስት የሚያልቀው ቁጥር ደወለ። አስታማሚዋ ናት። «ደርሶኛል፣ እናቴንም አናግሬያታለሁ፣ ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስለነበር አውቶቡሱ በሙሉ «ተመስገን» አለ። አዛውንቱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጋቢያቸውን አራገፉ።

ደሴ ስደርስ አክስቴ ግፊቷ ረግቦላት ከአልጋ ተነስታ ነበር። ስሜያት ገና ሳልቀመጥ የሕመሟን ነገር ትታ የካርድ ነገር አነሳችልኝ።

«አንተ ልጅ፣ እንኳን መጣህልኝ። የሚሰርቀኝ ሰው አለ።»

«ምን ተሰረቅሽ?»

«ካርድ። አሥር ብር አስሞላለሁ፣ ሳልደውልበት ያልቃል። ይሄ የጎረቤት ልጅ ነው። በእሱ ነበር የማስሞላው፤ ግማሹን ወደ ራሱ ስልክ እየጎተተ ነው።»

ልጁን አውቀዋለሁ። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበር፤ ውኃ የሚቀዳላት፣ ወፍጮ የሚያደርስላት፣ ለሰላቱ ሲሄድ በበሯ በኩል «እማማ፣ አደሩ?» ሳይል የማያልፍ ልጅ ነበር። አሁን ሰላምታውን አትመልስም። ለእናቱም ነግራበታለች፤ እናቱ ደበደበችው፤ ሁለቱ ቤቶች ቡና መጠራራት አቁመዋል። አርባ ዓመት አጥር ለአጥር የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ስልኳን ተቀበልኳት። የመልዕክት ሳጥኑ ሞልቷል። ከላይ እስከ ታች በአጫጭር ቁጥሮች የመጡ መልዕክቶች ናቸው። አንዱ በየጠዋቱ የፍቅር ምክር ይልካል። ሌላው የእንግሊዝ ኳስ ውጤት። ሌላው ስለ ስኬታማ ሕይወት ጥቅስ። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሰባ ዓመት አልፏታል። እያንዳንዱ አገልግሎት በቀን ሁለት ብር ይቆርጣል፤ የአንዱ ብቻ በወር 60 ብር ነው። ሙት ጡረታ ለምታገኝ ሴት ይህ የወር በርበሬዋ ነው።

«እነዚህን ማን አስመዘገበሽ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። አንዲት ልጅ ደውላ ‹አንድ ቁጥርን ተጫኚ› አለችኝ። አፏ ጣፋጭ ነው። ሰው አዝዞኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ተጫንኩላት።»

ተቀድቶ የሚደወል ድምፅ ነበር። አክስቴ ግን የሰው ልጅ ያናገራት መስሏት በትሕትና ታዘዘች። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ከአሮጊት ኪስ በየቀኑ ሁለት ብር ማንሳት ንግድ አይባልም። ስሙ ሌብነት ነው። ቀጥሎም የሚብሰው አለ። ሌባው ስለማይታይ የሚታየው ሰው ይጠረጠራል። ሌባ የተባለው ውኃ የሚቀዳላት ልጅ ሆነ።

ሁሉንም አንድ በአንድ እንዲቋረጥ መልዕክት ላክሁ። «አገልግሎቱ ተቋርጧል» የሚል መልስ ከየቁጥሩ መጣ። ከዚያ አክስቴን አስቀምጬ በቀን ስንት፣ በሳምንት ስንት እንደተቆረጠባት በባቄላ ፍሬ እየቆጠርኩ አሳየኋት። ባቄላውን ወደ አንድ ጎን ስሰበስበው አየችውና ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ ከልጁና ከእናቱ ጋር ነች። ይቅርታ አጠያየቋን አልተርክም፤ የእሷና የእነሱ ነው። ቡና ተፈላ፣ እስከ በረካው ተጠጣ።

በማግስቱ አገልግሎት ማዕከሉ ሄድን፤ አክስቴ፣ ልጁና እኔ። ወረፋው ረጅም ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ለአክስቴ ወንበር አስመጥታ በትሕትና አስተናገደችን፤ ሌላም የተደበቀ ምዝገባ አግኝታ አጠፋችልን። ገንዘቡን ግን ልትመልስ አልቻለችም። የሄደው ለሌላ ወገን ነው፣ እነሱን ጠይቁ አለች፤ እነሱ ያሉት አዲስ አበባ ነው፣ አድራሻቸውም መልዕክቱ ላይ የለም። በወር መጨረሻ የሚከፍል ደንበኛ የሂሳብ ዝርዝር ይደርሰው ነበር፣ የደወለበት ቁጥርም ሰዓቱም ተጽፎለት። ቀድሞ የሚከፍለው ግን ይህ አይደርሰውም ነበር። ስለ ዝርዝሩ ስጠይቃት አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልተቆጣችም፤ ሥርዓቱን ያወጣችው እሷ አይደለችም።

ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ገንዘቡን አምኖ ቀድሞ የሰጠው ድሃው ነው፤ ዝርዝሩ ግን በኋላ ለሚከፍለው ይሰጥ ነበር። መሆን ያለበት ተገላቢጦሽ ነበር። የተሻሻለ ነገር የለም አልልም። በነሐሴ 2010 የጥሪ ዋጋ 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት 43 በመቶ ሲቀንስ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም፤ በ2015 መስከረም ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ በይፋ ሥራ ሲጀምርም አማራጭ መጣ ብዬ ተደስቻለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም አለን፤ ደንበኛን መጠበቅ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ነው። የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ሂሳብ ከመቆረጡ በፊት ጥያቄ፣ ከተቆረጠ በኋላ ዝርዝር፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ በሚሰማው ቋንቋ በድምፅ። ሲያስመዘግቧት በአማርኛ አጣፍጠው የደወሉላት ሰዎች ገንዘቧን ሲወስዱም በዚያው አማርኛ ደውለው ሊነግሯት አያቅታቸውም።

ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአክስቴ ደብተር ይዞላታል። መስመር ያለው የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ላይ «የእማማ ካርድ» ብሎ ጽፎበታል። የተሞላበት ቀን፣ የገባው ብር፣ ማታ ማታ በ*804# አይቶ የቀረው፣ በመሃል የደወለችላቸው ሰዎች ስም። ድርጅቱ ያልሰጣትን ዝርዝር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በእስክሪብቶ ሠራላት። ባለፈው ስደውል እሱ ነበር ያነሳው።

«ጋሼ፣ ትናንት ሁለት ብር ጎድሏል። እማማ ማንም ጋ አልደወሉም፣ ደብተሩ ላይ አለ። አዲስ ቁጥር ነው፣ በ8 ይጀምራል። አቋርጨዋለሁ።»

ከኋላው የአክስቴ ድምፅ ይሰማኛል። ሰኞ ደብተሩን ይዛ ማዕከሉ እንደምትሄድ፣ ሁለቷን ብር ሳትቀበል እንደማትመለስ ንገረው እያለችው ነው።